ስኳርን በትንፋሽ? ቀስ እንበል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የስኳር በሽታን ከትንፋሽ ስለሚለየው ሴንሰር (ጋዝ የሚያሸት ትንሽ መሣሪያ) አውጥታችሁ፣ ጣት መወጋት ሊቀር ነው ያላችሁትን አነበብኩ። ደስ ይላል። ስኳሯን ለመለካት ስትወጋ የእናቴ ጣቶች ጫፋቸው በመርፌ ደንድኗል፤ መለኪያው ሲኖር ደግሞ ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስኳር በሽታ እንደሚያጋጥመው፣ ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል ከትንፋሽ ጋር አሴቶን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው። እንደ ተንግስተን ኦክሳይድ ያሉ በናኖ ደረጃ (በዓይን እስከማይታይ) የደቀቁ ቁሶች ይህ ጋዝ ሲነካቸው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው ይለወጣል። ከሚሊዮን አንድ እጅ የማይሞላውን እንኳ ይይዙታል።

ግን ጾምም አሴቶንን ከፍ ያደርጋል። በረመዳን ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የቆመን ጤነኛ ሰው ስኳር አለብህ ሊለው ይችላል፤ በሁዳዴም እንዲሁ። የትንፋሽ እርጥበትም ያወናብደዋል። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ደግሞ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ካልሞቁ አይሠሩም (የድሬ ሙቀት እንኳ አይበቃቸውም!)። ከሁሉም በላይ፣ አሴቶኑ ከደም ስኳሩ ጋር ሁልጊዜ እኩል አይወጣም፣ አይወርድም።

ስለዚህ ጣት መወጋት ሊቀር ነው ያላችሁትን ብታስተካክሉት። የሰፈሬ ሰው ይህን አንብቦ መለካት እንዳይተው ሰግቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ