ለልጄ፦ ስለ ውጤትሽ እና ስለ ክፍሌ ልጆች

ልጄ፣

መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሕግ ትምህርትሽን ጨርሰሽ «23ኛ ወጣሁ» ብለሽ ታቆሚያለሽ፤ ከዚያ ሌሊቱን «አባዬ፣ አንተ ስንተኛ ነበርክ? አብረውህ የተማሩትስ የት ደረሱ?» ብለሽ ጨምረሻል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልመልስልሽ የቀረሁት ተናድጄ እንዳይመስልሽ። መልእክትሽ በደረሰኝ በማግስቱ የእኛ የሕግ ክፍል የተመረቀበትን 30ኛ ዓመት ልናከብር ተሰብስበን ነበር፤ ከዚያ ስመለስ ደግሞ አንድ ያልጨረስኩት ነገር ያዘኝ። እሱን ሳልነካው ምክር ብጽፍልሽ የማላደርገውን የማወራ ሰው እሆንብሽ ነበር።

እኔ 31ኛ ነበርኩ። ከ58። እናትሽ ይህን አታውቅም፤ «ከመካከለኞቹ» ብያት ነው ያገባኋት።

አንደኛ የወጣው ወድቆ መጨረሻ የወጣው ከበረ የሚለውን ወሬ ከእኔ አትጠብቂ። የእኛ አንደኛ ዛሬም አንደኛ ናት። ትልልቅ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ውሉን የምታዋቅረው እሷ ናት፤ ያኔ ስትናገር ክፍሉ ጸጥ ይል እንደነበረው አሁንም ጸጥ ይላል። ብዙ ትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች አንዱን ሰዓት ለ10 ከፍለው፣ በየ6 ደቂቃው መዝግበው ደንበኛ እንደሚያስከፍሉ ታውቂያለሽ። እሷም ለ30 ዓመት እንዲያ ኖራለች። «ልጄ ስትደውልልኝ ስንት ስድስት ደቂቃ እንደፈጀን ሳላስበው እቆጥራለሁ» አለችን። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ዛሬም ችሎት የሚቆመው ከግማሻችን በታች ነው። ነገረ ፈጅ የሆኑ አሉ፣ ዐቃቤ ሕግ አሉ፣ አስተማሪ አሉ። አንዱ ሕጉን እርግፍ አድርጎ ትቶ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግናል፤ ከሁላችንም ጠጉሩ ያልሸበተው እሱ ነው፤ ቀለም ነው የሚሉም አልጠፉም። አራቱ ሞተዋል። ከአራቱ ሁለቱን መጠጥ ነው የበላብን። ስለዚህ ሌላ ቀን፣ በአካል ስንገናኝ እንነጋገር።

«አንቀጽ» ብለን የምንጠራው ልጅ ነበረ፤ ሰላም ስትይው እንኳ ቁጥር ጠቅሶ የሚመልስ ዓይነት። እሱ ዳኛ ሆነ። ከተመረቅን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን የእኔ መዝገብ እሱ ጋ ደረሰ። ችሎት ስገባ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። መጀመሪያ ያደረገው ነገር «ከከሳሽ ጠበቃ ጋር አንድ ክፍል ተምረናል፤ ዳኛው ይነሳልኝ የሚል ወገን ካለ አሁን ያመልክት» ብሎ ማስመዝገብ ነው። የተከሳሽ ጠበቃ ተቃውሞ የለኝም አለ። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ፈረደብኝ፤ ደግሞም ልክ ነበር። በዝግጅቱ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ «ወንበሩ ላይ ከወጣሁ ወዲህ እናንተን የማገኛችሁ በቀብር ብቻ ሆነ» አለኝ። ጠበቃ ጓደኛው ሲጋብዘው ነገ በመዝገብ ይመጣብኝ ይሆን እያለ ስንቱን እንቢ እንዳለ ቆጠረልኝ። እኛ ኮርቷል እንል ነበር።

ከኋላ ወንበር የማትጠፋ አንዲት ልጅም ነበረች። በልምምድ ችሎት ላይ ተነሥታ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ አንድ ቃል ሳይወጣት ተቀመጠች። መምህራችን ሊያጽናናት የጋንዲን ነገር ነገራት፦ በ1891 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የጥብቅና ማዕረጉን አግኝቶ ወደ ቦምቤይ ሲመለስ፣ በመጀመሪያ ጉዳዩ ምስክር ሊጠይቅ ተነሥቶ ምላሱ ተሳሰረና ተቀመጠ፤ የተቀበለውንም ገንዘብ መለሰ። ጋንዲ ተሻለው፤ እሷ ግን አልተሻላትም። ችሎት ቆማ አታውቅም። የሕግ አርቃቂ ሆነች። በዝግጅቱ ላይ ከቦርሳዋ አንድ ረቂቅ አውጥታ በእርሳስ የተከበበች አንዲት ፊደል አሳየችን። «ባለፈቃዱ ግብር ያልከፈለና ሪፖርት ያላቀረበ እንደሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል» ይላል። «ና»ዋን ነው የከበበቻት። እንዲህ ሆኖ ቢወጣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያጎደለ ሰው ያመልጣል፤ «ወይም» መሆን ነበረበት። «እናንተ ለስድስት ወር የምትከራከሩባትን ፊደል እኔ ጠዋት በእርሳስ እገድላታለሁ» አለች። ያን ቀን እንደ እሷ የተዝናና ሰው አላየሁም።

ጓደኛሽ ትልቁ ቢሮ ተቀጥራ አንቺን አለመጥራታቸው እንዳመመሽ ገብቶኛል። አሜሪካውያኑ ሳንድራ ዴይ ኦኮነርና ዊልያም ሬንኪስት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አብረው ተምረዋል። እንዲያውም የጋብቻ ጥያቄ አቅርቦላት እንቢ ብላዋለች። እሱ እንደጨረሰ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ዳኛ ረዳት ሆኖ ገባ፤ እሷን ከክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ካላቸው አንዷ ሆና ሳለ አንድ የጥብቅና ድርጅት በጸሐፊነት ካልሆነ አንቀጥርሽም አላት። የመጀመሪያውን የሕግ ሥራዋን በአንድ የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ያለ ደመወዝ ጀመረች። በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆና ስትገባ ሬንኪስት እዚያ ዳኛ ሆኖ ጠበቃት፤ እሱ በ2005 እስኪሞት 24 ዓመት አብረው ተቀመጡ። ያ ውጤት ምንም አይደለም እያልኩሽ አይደለም፤ በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም። ያጠገብሽ ተማሪ ግን ከበሩ በላይ ረጅም ጊዜ አብሮሽ ይቆያል፣ ወደድሽም ጠላሽም።

አሁን ወደ ያዘኝ ነገር ልምጣ።

«ይግባኝ» የምንለው ልጅ ነበረ። ፈተና በታረመ ቁጥር መምህሩ ቢሮ ሄዶ ስለሚከራከር ነው ስሙ የወጣለት፤ አንዴ 92 አግኝቶ ይግባኝ ብሏል። እኔ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ እግሩን በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ጉዳይ ይዤ ነበር። የካሳውን ክስ ማቅረቢያ ጊዜ መቁጠር የነበረብኝ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው፤ እኔ ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ቆጠርኩ። አንድ ምሽት መዝገቡን ስከፍት ይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ጊዜ፣ ካለፈ 9 ቀን ሆኖታል። ወንበሬ ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የደወልኩት ለአለቃዬ አይደለም፣ ለይግባኝ ነው።

በሌሊት መጣ። መዝገቡን ቆሞ አነበበው፤ ቀኖቹን በጣቱ እየነካ እንደ ሕፃን ቆጠረ። እኔ ያኔም መውጫ እየፈለግሁ ነበር። «ይርጋን ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም፤ ክሱን ላስገባና ምናልባት ባያነሱትስ?» አልኩት። ይህ በብዙ አገር ሕግ እውነት ነው፣ ተምረሽዋል። «እና እስኪመልሱ ድረስ የተከሳሽን ጠበቃ ስንፍና እየለመንክ ልታድር ነው?» አለኝ። «ክሱን ነገውኑ አስገባ፤ ከዚያ በፊት ግን ለሰውየው ንገረው። በስልክ አይደለም፣ ፊት ለፊት። ሌላ ጠበቃ እንዲያማክርም ንገረው፣ አንተን ለመክሰስም ቢሆን።»

ጠዋት ነገርኩት። ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክጨርስ ሰማኝ፤ ከዚያ «ታዲያ እግሬስ?» አለ። ሌላ አልተናገረም። የክሱ መልስ ሲመጣ የመጀመሪያው መቃወሚያ ይርጋ ነበር። የሙያ መድኔ ከሚገባው የተወሰነውን ከፈለው፤ እሱም እኔን ዳግመኛ አላናገረኝም። ፈቃዴ ግን ተረፈ፤ ስለደበቅሁ ሳይሆን ስለተናገርኩ ነው የተረፈው። ይግባኝ ያን ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ሲጠብቀኝ ነበር። የራሱን ቀጠሮ አሳልፎ።

ይኸው ሰው ከ11 ዓመት በፊት የደንበኛ ገንዘብ ነካ። የቤት ሽያጭ ገንዘብ በአደራ ሂሳቡ ተቀምጦ ነበር፤ የሠራተኞቹ ደመወዝ ጎደለው፤ «እስከ ወሩ መጨረሻ» ብሎ አዞረው። ብዙውን መልሶ ሳይጨርስ ተደረሰበት። የአደራ ሂሳብ ላይ ለአንድ ቀንም ብድር የለም፤ ፈቃዱን ሲነጥቁት ትክክል ነበሩ፣ ይህንንም አስታውሺ። ወሬው በግማሽ ቀን ሁላችንም ጋ ደረሰ። እኔ ስልኩን አንሥቼ ቁጥሩን ጀመርኩና ዘጋሁ። ስሙ ከስሜ ጋር እንዳይነሣ ነው የፈራሁት፤ ለእናትሽ ግን «ጊዜ ልስጠው» አልኳት። ጊዜው 11 ዓመት ሆነ።

የዝግጅቱን መጥሪያ የላክሁት እኔ ነኝ። ለእሱ አልላክሁም። ያን ቀን አንደኛችን እንደ ድሮው በፊደል ተራ ስም ስትጠራ፣ የእሱ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አልተገኘም» አልኩ። ይህችን የችሎት ቃል ታውቂያታለሽ፤ መጥሪያ ላልደረሰውም፣ ደርሶት ለቀረውም እናስመዘግባታለን። እንደ ጠበቃ አልዋሸሁም። አንቀጽ አጠገቤ ሆኖ ጫማውን ያያል።

ያን ሌሊት ስለ ደቡብ አፍሪካዊው ጠበቃ ስለ ጆርጅ ቢዞስ ሳስብ አደርኩ። ከማንዴላ ጋር የተዋወቁት በ1948 እ.ኤ.አ. ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሪ ሆነው ነው። ማንዴላ እዚያ ትምህርቱን አልጨረሰም፤ የሕግ ዲግሪውን ያገኘው በ1989፣ እስረኛ ሆኖ በርቀት ተምሮ ነው (23ኛ ያልሽኝ እዚህ ላይ ትዝ ይበልሽ)። ማንዴላና ጓዶቹ በተከሰሱበት በሪቮኒያ ክስ ቢዞስ ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዱ ነበር። ማንዴላ በ1964 በችሎት ንግግሩ መጨረሻ ለመሞት ዝግጁ ነኝ ሲል፣ ሞትን የሚለምን እንዳይመስል «አስፈላጊ ከሆነ» የምትለዋን እንዲጨምር የመከረው እሱ እንደነበር ቢዞስ ራሱ ተናግሯል። በ27ቱ የእስር ዓመታትም አልተለየውም። ግን የራሴን ነገር ከዚህ ጋር ማስተያየት አልቻልኩም። በክብር የታሰረን ጓደኛ መጠየቅ ለጠያቂውም ክብር ነው። በኀፍረት የተቀመጠውን ማን ይጠይቃል?

ባለፈው ማክሰኞ ደወልኩ። ቁጥሩን አልቀየረውም። «አቤት» አለ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ ዝም አለ። አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ፤ የመጣልኝ ነገር «ይርጋው አልፎብኝ ይሆን?» የሚል ብቻ ነው። ቀልድ አስመስዬ ነበር፤ ድምፄ ግን አላገዘኝም።

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ፦

«እኔ ይርጋ አላነሳሁም» አለኝ።

አንቺ ሕግ ስለተማርሽ ይህን ላስረዳሽ አይገባም።

ቅዳሜ ልሄድ ነው። መምጣት ከፈለግሽ አብረን እንሄዳለን፤ ያኔ ገና ሁለት ዓመትሽ ሳለ ተሸክሞሽ ያውቃል። ስለ ውጤትሽ ግን እሱ ፊት አታንሺ፤ ይግባኝ በይ እያለ አያስቀምጥሽም።

አባትሽ