ለመሲ፣ ሰው እንዳይሰማ (ኦክቶበር 2023)

መሲዬ እንዴት ነሽልኝ? ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ስለጠፋሁ መሳደቡን ስንገናኝ ትደርሺበታለሽ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሹ አሁንም ሽሮ አልበላም ይላል? በአንቺ ነው የወጣው።

እሺ ልንገርሽ። የዊድ (ማሪዋና) መሸጫ ላይሰንስ፣ ፈቃድ ማለት ነው፣ ላመለክት አስቤ ነበር። አዎ ዊድ። ሳቂና ስትጨርሺ አንብቢው።

ሜሪላንድ ከጁላይ 1፣ 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሁሉ ተፈቅዷል፣ ይሄን ሰምተሻል። የአሁኑ ዙር ላይሰንስ ግን ለሶሻል ኢኩቲ አመልካቾች ብቻ ነው የሚሰጠው፣ በዊድ ክስ የተጎዱ ሰፈሮችን ለመካስ ማለት ነው። እኔ ታስሮ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈልጉት ብዬ ነበር፣ አይደለም። የድርጅቱን 65 ፐርሰንት የያዘው ሰው ባለፉት 10 ዓመታት ቢያንስ 5ቱን ፖሊስ በዊድ ሰው ሲያፍስበት በነበረ ሰፈር የኖረ መሆን አለበት፣ ወይ እዛ ሰፈር ፐብሊክ ስኩል 5 ዓመት የተማረ፣ ወይ ደግሞ 40 ፐርሰንቱ ተማሪ ለፔል ግራንት (ፌደራል መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ ለሚሰጠው ድጎማ) ብቁ በሆነበት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ 2 ዓመት የተማረ። ሰፈሩ የሚለየው በዚፕ ኮድ (በፖስታ ቁጥሩ) ነው፣ ዊድ ይዘሃል ተብሎ የተከሰሰው ሰው ብዛት ከስቴቱ የ10 ዓመት አማካይ ከ150 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ይገባል። የባልቲሞሩን ቤታችንን ዚፕ ኮድ ሳስገባ አለበት! የታችኛው ፎቅ ልጅ በካቴና ሲወሰድ እናቱ ደረጃው ላይ የጮኸችው ትዝ ይልሻል? ያን ቀን ያለቀስነው ለካ ተቆጥሮ ነበር አልኩ።

ግን መሲ እኔ ሲቲዝን አይደለሁም። የሲቲዝንነቱን ፎርም አስገብቼ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነው። ፌደራል ላይ ዊድ አሁንም ወንጀል ነው፣ ኢሚግሬሽኑ በ2019 በግልጽ ጽፎታል፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው የመልካም ሥነ ምግባሩን መስፈርት ላያሟላ ይችላል ብሎ። ሲቲዝን ካልሆንኩ ደግሞ እማዬን ማምጣት አልችልም፣ በግሪን ካርድ እናት አይመጣም። ጎንደር ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ድምጿን የምሰማው መስመር ሲገኝ ብቻ ነው፣ ጉልበቷም እየከዳት ነው። ይሄን ለሱቅ ብዬ አደጋ ላይ አልጥለውም። ቆርጫለሁ።

ገንዘብ ያለው አንድ ሰው አለ፣ "65 ፐርሰንቱ ወረቀት ላይ ባንቺ ስም ይሁን፣ ሥራውን እኔ እመራዋለሁ" ይለኛል። ሕጉ ግን ባለቤትነቱንም አዛዥነቱንም ነው የሚለው። በእኛ ስቃይ የተገኘ ዕድል እንደ ቤት ሲከራይ በጣም ነው ያናደደኝ። እምቢ አልኩት።

እና... እንዴት እንደምልሽ አላውቅም። አንቺስ? አንቺ ሲቲዝን ነሽ። ሞርጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምረሻል፣ ሞርጋን ደግሞ ከሚያሟሉት ውስጥ ነው። አካውንታንት ነሽ፣ ያለሽበት ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፣ ይሄን ንግድ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ የፌደራል ታክስ ሲሰላ ኪራይና የሻጭ ደሞዝ ከገቢው እንደማይቀነስለት እንኳን ለኔ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። ወደ ሜሪላንድ እመለሳለሁ ስትዪ ደግሞ ስንት ዘመንሽ! እኔ ምንም ውስጥ አልገባም፣ አልፈርምም፣ አልሠራም፣ ድርሻም አልፈልግም። ብቻ ለማያውቀው ሰው ከሚሄድ ያንቺ ይሁን። የቤተክርስቲያን ሰው "ሀሺሽ ነጋዴ" ይልሻል፣ እሱን አውቃለሁ፣ እኔም ለራሴ ገና አልመለስኩትም፣ በዊድ የታሰሩት ልጆች ግን አሁን ሌላው በሱ ሲከብር እያዩ ነው፣ ከዚያ ሰፈር የወጣ ሰው ቢይዘው የተሻለ ይመስለኛል።

ማመልከቻው ኖቬምበር 13 ተከፍቶ ዲሴምበር 12 ይዘጋል፣ ብቁ መሆንሽ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ክፍያው ለትልቁ ላይሰንስ 5,000 ዶላር ለማይክሮው (ለትንሹ) 1,000 ነው፣ ከዛ ሎተሪ፣ ላይደርስሽም ይችላል። ትራንስክሪፕትሽን (የውጤት ማስረጃሽን) ከሞርጋን አሁኑኑ ጠይቂ፣ ሐሳብሽን ባትቆርጪም ጠይቂ። እምቢ ካልሽ አልቀየምሽም፣ ግን በቴክስት እንዳትመልሺልኝ፣ ቅዳሜ ማታ ልጆቹን አስተኝተሽ ደውዪ።

ያንቺው ሰላም