ከጅቡቲ ሞተር ሳይክል ለሚያመጣ ሰው መልሱ ከድንበር በፊት ይሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእህቴ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ እየጠገነ ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ጅቡቲ ሊሻገርና ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሊመለስ ቆርጧል። «አጎቴ፣ እርስዎ ከዚህ በፊት አምጥተው ያውቃሉና የሚያስፈልገኝን ይንገሩኝ» ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ፊቴ ሲቀመጥ፣ የማውቀው ሁሉ የዛሬ ስምንት ዓመት ነገር መሆኑ ገና ከአፌ ሳይወጣ ታወቀኝ። ስለዚህ እኔው ልጠይቅለት ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። አንድ ጥያቄ ይዤ ወጥቼ የማይገናኙ ሦስት መልሶች ይዤ ገባሁ። አንዱ ይቻላል አለኝ፣ ሌላው አይቻልም አለኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ዕቃው ድንበር ሲደርስ ይታያል» አለኝ። ከሦስቱ እንቅልፍ የነሣኝ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት በራሴ ላይ የደረሰውን መናገር ይኖርብኛል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ድሬዳዋ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ከዚራና መጋላ፣ ሳቢያንና ለገሃር ነው እንጂ አሰሊሶ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና ዋሂል የዚሁ አስተዳደር ገጠሮች መሆናቸውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እዚያ ያለ ሰው ፍየሉ አፏ ቆስሎ መብላት ስታቆም የሚጠራው እንደ እኔ ያለውን ባለሙያ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ኃይሉን ያጣልና፣ በረዶ የያዘ ሣጥን ትከሻ ላይ አንግቶ በድሬዳዋ ፀሐይ የወንዝ አሸዋ እያቋረጡ በእግር መሄድ ክትባቱንም ሰውየውንም ይገድላል። በ2009 ዓ.ም. ከራሴ ኪስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት የወሰንኩት ለዚህ ነበር። እዚህ ያለው ዋጋ አልቀመስ ቢለኝ፣ ጅቡቲ የሚሠራ የሰፈሬ ልጅ «ና፣ እዚህ በግማሽ ታገኛለህ» ብሎ ጠራኝ።

በልበላ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ያገኘሁት ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ካቴናው አሸዋ እንዳይገባበት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። እኔ ለምሄድበት መንገድ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የተስማማንበት ዋጋ 160 ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ሲሆን ወደ 900 ዶላር ይመጣል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ፣ 1 ዶላር በ177.721 ፍራንክ የታሰረ በመሆኑ፣ የሚዋዥቀው የእነርሱ ገንዘብ ሳይሆን የእኛ ብር ነው። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሞተሩን የመረመርኩት ተጠንቅቄ ነው። ያደረ ሞተር በቀዝቃዛው ሲነሣ ነው እውነቱን የሚናገረውና፣ በማለዳ ሳይሞቅ እንዲነሣልኝ ጠየቅሁ፤ በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ። የሚያወጣውን ጭስ አየሁ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ተመለከትኩ፣ የኋላ ጎማውን ይዤ ወደ ጎንና ጎን እየነቀነቅሁ ኩሽኔታውን ፈተሽኩ። የባሕር አየር ብረትን እንደሚበላ ስለማውቅም የጎማ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁ፣ ከመቀመጫው ሥር ያሉትን የኤሌክትሪክ ገመድ መገናኛዎች ፈትቼ አየሁ። አረንጓዴ ዝገት የያዙ ሁለት ነበሩና ከዋጋው ላይ ጥቂት አስቀነስኩባቸው። ወረቀቱን ግን እንዲህ አልመረመርኩትም። ካርት ግሪዝ የሚሉትን የባለቤትነት ደብተር አሳዩኝ፣ ማኅተም አለው፣ የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ አኃዞች ብቻ ከሞተሩ ጋር አስተያየሁና ልክ ነው ብዬ ገንዘቤን ቆጠርኩ። ከመሪው አንገት ሥር የተመታው የቁጥሩ መጨረሻ በቀለምና በጨው ዝገት ተሸፍኖ ነበር።

ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ በአሊ ሳቢህና በደወሌ በኩል ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ሰነዱን የሚያመሳክረው ባለሙያ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ቀለሙን በቀስታ ፋቀ፣ ነጭ ወረቀት ለጥፎበት በእርሳስ ጎን ጎኑን አሸው፤ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከመጨረሻው ሁለተኛዋ አኃዝ 8 ነበረች። ደብተሩ ላይ 3 ይላል። ሰውየው አልተቆጣም፣ አላንገላታኝምም። ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝና «አባት፣ ይኼ ደብተር የዚህ ሞተር አይደለም» አለኝ። ትክክል ነበር። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ማስተካከያው አምስት ወር ፈጀ። ደብተሩ የተመዘገበው በሸጠልኝ ሰው ስም ሳይሆን፣ ከእርሱ በፊት በነበረና ሥራውን ጨርሶ ከአገር በወጣ አንድ ድርጅት ስም ነበር፤ እርማት እንዲደረግ የሚጠይቅ ደብዳቤ የሚጽፍ ባለቤት ማግኘት ራሱን የቻለ ፍለጋ ሆነ። እንዲህ ያለ ድርጅት ንብረቱን ከቀረጥ ነፃ አስገብቶ ከሆነ፣ ሲሸጠው ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሚጠየቅም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጅቡቲ ሄድኩ። ፈረንሳይኛውን በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ አማርኛ አስመለስኩ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ሞተሩ የቆመበት መጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥር ነበር። በመጨረሻ ሊብሬና ታርጋ አግኝቼ ስወጣ፣ ለጉዞ፣ ለትርጉም፣ ለመጋዘንና ለጉምሩክ አስተላላፊ ያወጣሁት ብቻ፣ ቀረጥና ታክሱ ሳይቆጠር፣ ከሞተሩ መግዣ በልጦ ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት ዋሂል ሊደርስ የሚገባው ክትባት ሁለት ጊዜ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ይህን በገንዘብ ልተምነው አልችልም።

ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ከመሄዴ በፊት «ደብተሩ በሻጩ ስም ይሁን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ቀለሙን አስፍቀህ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አስተያይ» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በእጄ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ ነበር። አምስት ወር የበላብኝ ሁለት መስመር የማይሞላ ምክር ነው።

አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ ያለበት ሁኔታ ከእኔ ጊዜ በጣም ይለያል። እኔ ስገዛ በባንክ 1 ዶላር 23 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ቀረጥና ታክስ የሚሰላው ደግሞ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና መድኑ ተደምሮ ወደ ብር ከተቀየረ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድም የታክስ መጠን ባይጨምር እንኳ፣ በዚያው በ900 ዶላር ሞተር ላይ የሚከፈለው ብር በምንዛሬው ብቻ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ መደራረባቸውንም ብዙ ሰው አያውቅም። ጉምሩክ ቀረጥ በዕቃው ዋጋ ላይ ይታሰባል፣ ኤክሳይዝ ታክስ ዋጋው ከቀረጡ ጋር ተደምሮ ይታሰባል፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በእነዚህ ሁሉ ድምር ላይ፣ 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ጨምሮ ይሰላል። ዋጋው፣ ቀረጡና ኤክሳይዙ ተደምሮ 100 ብር ለደረሰ ዕቃ በሁለቱ የመጨረሻ ታክሶች ብቻ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ታይዋን ገበያ የሚቀመጡት ወጣቶች ግን ስሌቱን የሚሠሩት 15 እና 10ን ደምረው 25 በመቶ ብለው ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለቱን ጨርሶ የሚረሷቸውም አሉ። ሻጩ በደረሰኝ ላይ ዋጋ አሳንሶ ቢጽፍልኝ ይቀልልኛል የሚሉም ሞልተዋል። የተጻፈው ዋጋ ካላሳመነ ተመሳሳይ ዕቃ በሚያወጣው ዋጋ እንደሚሰላ የነገራቸው የለም።

ሕጉም ባለበት አልቆመም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ ዓላማው የሌላው አገር አሮጌ መኪና መጣያ እንዳንሆን ነበርና በበኩሌ የምደግፈው ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር ተራው ሰው የሚሰማው ስለ መኪና የተነገረውን ነው፤ ስለ ሞተር ሳይክል የሚሰማው ከሰፈር ወሬ ነው። በሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሞተር ሳይክሎችን ከመንገድ ስታግድ የተባለው ምክንያት ወንጀል ነበር፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ሞተር ምን እንደሚያስከትል ያኔ ሁላችንም አይተናል። የባለቤትነት ወረቀት ጥብቅ ሊሆን እንደሚገባ የሚጠራጠር ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ የምለው ጥብቅነቱ አስቀድሞ ይነገር ነው።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው በአካባቢያችን ያለውን ሌላውን መንገድ ስለማውቅ ነው። በቶጎ ውጫሌም ሆነ በረሃ ለበረሃ ያለ ወረቀት የሚገባ ሞተር እንዳለ የድሬዳዋም የሐረርም ሰው ያውቃል። ወረቀት የሌለው ሞተር ቦሎ አይለጠፍበት፣ ኢንሹራንስ አይገባለት፣ ሰው ቢገጭ ባለቤቱ ጥሎት ይሮጣል እንጂ አይቆምም። ሕጋዊውን መንገድ የመረጠ ወጣት «ድንበር ሲደርስ ይታያል» ከተባለ፣ የሦስት ዓመት ጥሪቱን በዕጣ ላይ እንዲያስቀምጥ መጠየቁ ነው። ኮንትሮባንዲስቱ ግን ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ቁርጡን ያውቃል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ የምመልስለት አጣሁ።

ስለዚህ የጉምሩክና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች እንዲያደርጉት የምለምነው እጅግ ቀላል ነገር ነው። ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለግል አገልግሎት ማስገባት የሚቻል ከሆነ በምን ዕድሜ፣ በምን ዓይነት ሞተርና በየትኞቹ ሰነዶች እንደሆነ፣ የማይቻል ከሆነም የማይቻል መሆኑን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ይለጥፉልን። የባቡር ጣቢያው፣ የጅቡቲ መኪና መነሻውና የየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በቂ ናቸው። በዚያው ገጽ ላይ ከዋጋው ጀምሮ እስከ ሱር ታክስ ድረስ አንድ የተሠራ የስሌት ምሳሌ ይኑር፤ ሕጉ ሲለወጥ ወረቀቱም ቀን ተጽፎበት ይለወጥ። የሻጩን ደብተር ፎቶ ግራፍ ይዞ ለሚመጣ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት «ይህ ሰነድ ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ብሎ በጽሑፍ የሚመልስ አንድ መስኮት ቢከፈት፣ ለመንግሥትም የመጋዘን መጨናነቁ ይቀልለታል።

ለእህቴ ልጅ እስካሁን ልነግረው የቻልኩት በእጄ የማውቀውን ብቻ ነው። ከቁጥሩ ሌላ አንድ ነገር ጨምሬ አስጽፌዋለሁ። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ነች፣ ድሬዳዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር ታልፋለች። እዚያ እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ሞተር እዚህ አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ይበዛበታል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ እየታፈነ ቆመብኝ፣ ካንዴላውን ስፈታው እንደ ከሰል ጠቁሮ ረጥቦ ነበር። ተጭበረበርኩ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ዳር ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በባጃጅ ያልፍ የነበረ መካኒክ ወርዶ የካርቡራተሩ ነዳጅ ማሳለፊያ በአነስተኛ መለወጥ እንዳለበት ነገረኝ። ሐረር ገብቼ አስለወጥኩት። ያ ሞተር ዛሬም ዋሂል ያደርሰኛል።

ልጁ ለመጪው ሳምንት ይዞት የነበረውን ጉዞ እንዲያቆይ የለመንኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል፣ ብሩ ግን በተቀመጠ ቁጥር የሚገዛው ያንሳልና ብዙ ሊታገሥ እንደማይችል አውቃለሁ። ለጠየቅኋቸው መሥሪያ ቤቶች ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቼ የተቀባይ ማኅተም አስመትቻለሁ፤ መልሱን እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ሁሉ እንዲያነቡት በዚሁ ዓምድ ቢወጣልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ