የደረጃው ጸሐፊዎች

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ «ዛሬ የሚጽፍ ሰው ጠፋ» የሚል ሐዘን አነበብኩ። አልጠፋም። እኔ በምኖርበት ሕንፃ ብቻ ስድስት አሉ። ሰባተኛው ገና አላነበበልንም፤ እሱ ጋ ቆይቼ እመጣለሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጸሐፊነት ነው። ደራሲ ማለቴ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስተይብ፣ ቃለ ጉባኤ ስይዝ፣ «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀምሬ «ከሰላምታ ጋር» ብዬ ስጨርስ 27 ዓመት ሄደ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የራሴ የምለው አንድ አንቀጽ የለኝም። ጡረታ ስወጣ ደብተር ገዛሁ። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ዓመት ሙሉ ባዶውን ተኛ።

ነገሩ የተጀመረው ደረጃ ላይ ነው። አንድ ማለዳ ስወርድ የታጠፈ ወረቀት ወድቆ አገኘሁ። የልጆች የቤት ሥራ መስሎኝ ገለጥኩት። ታሪክ ነው። ከመሃል ይጀምራል፣ መሃል ላይ ያልቃል። ቆሜ ጨረስኩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩትና ከሥሩ «የጣለ ይውሰድ። ቀጣዩ ገጽ ካለ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ» ብዬ ጻፍኩበት።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ከላይ የምትኖረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«አነበቡት እንዴ?»

«አነበብኩት።»

«ሁሉንም?»

«ፊትና ጀርባውን።»

ተቆጥታ ልትሄድ ነው ብዬ ስጠብቅ «እና የት ጋ ሰለቸዎት?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ የለም። አለቆቼ ሲጠይቁኝ የኖሩት «አለቀ ወይ?» ብቻ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ ሰማዩን የገለጸችበት ቦታ፣ ዓይኔ ዘሎ እንዳለፈ ነገርኳት። እስክሪብቶ አወጣችና እዚያው በሬ ላይ ቆማ ሰማዩን ሰረዘችው።

በሳምንቱ ሁለታችን ሆነን መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፍን። «የሚጽፍ፣ ወይም ሰው ሲያነብ መስማት የሚወድ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ይምጣ።» ሁለተኛው ሐረግ የእኔ ሐሳብ ነበር። «ጸሐፊዎች» ብንል ኖሮ ማንም አይመጣም። ሰው እጽፋለሁ ብሎ ጎረቤቱ ፊት ከመቆም እሰማለሁ ብሎ መግባት ይቀለዋል። ስምንት ሰው መጣ። ስድስቱ ኪሳቸው ውስጥ ወረቀት ነበራቸው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ምንም አልተነበበም። እንደ ደንቡ ሊቀመንበር መረጥን፣ ጸሐፊ መረጥን (ማን እንደሆነች ይገምቱ)፣ አንድ ሳንቲም ሳይኖረን ገንዘብ ያዥ መረጥን። መተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ሦስት ላይ ሲደርስ መሸ። ቃለ ጉባኤው አሁንም አለኝ። ሁለተኛው እሑድ ቀደድነው እንዳልል ቃለ ጉባኤ መቅደድ አይሆንልኝም፤ አጥፌ አስቀመጥኩት፣ ሹመኞቹም ተረሱ። ዛሬ ያለን ሹም ሰዓት ያዡ ብቻ ነው። በአንድ እሑድ ሦስት ሰው ብቻ ያነባል። በስልኬ እንደለካሁት አንድ ሺህ ቃል ጮክ ብሎ ለማንበብ ወደ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ለንባቡ አሥር፣ ለወሬው ሃያ ደቂቃ እንሰጣለን። መስተንግዶም የለም፣ ውሃ ብቻ። የቤት ተራ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰናዳ ከዋለ የራሱን ጽሑፍ አያነብም፤ ይህን ሁለት ጊዜ አይተነዋል።

ሊገድለን የነበረው በሽታ «በጣም ቆንጆ ነው» የሚሉት ነው። አንዱ ያነባል፣ ሁላችንም «በጣም ቆንጆ ነው» እንላለን። ሌላው ያነባል፣ ያው። አራት እሑድ እንዲህ ተሞጋገስን። በአምስተኛው ሰው ቀነሰ። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ጽሑፉን ይዞ የመጣ ሰው ምርቃት ፍለጋ አልመጣም። ያን ጊዜ የተማሪዋ የበር ላይ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰሚው እርሳስ ይይዛል። ሐሳቡ ወደ ሌላ የሸሸበት ቦታ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ሰረዝ ያደርጋል። ብያኔ አይሰጥም። «እዚህ ጋ ስለ ልብስ እጥበቴ ማሰብ ጀመርኩ» ማለት ይበቃል። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ልብስ እጥበቱ ትዝ ካለው፣ ጥፋቱ የልብሱ አይደለም።

ተማሪዋ ደግሞ አንድ ደንብ ከውጭ አመጣችልን። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ሚልፎርድ በምትባል ቦታ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ጉባኤ ተጀምሮ ነበር። ወግ ሆኖ የቀረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሰሚዎቹ በተራ ይናገራሉ፣ የጽሑፉ ባለቤት ሁሉም እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም። ስታወሩት ቀላል ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ጽሑፌ ሲተች «አይ፣ እኔ ማለት የፈለግኩት...» ብዬ አራት ጊዜ ተነሳሁ። መጨረሻ ላይ ሰዓት ያዡ እርሳስ ሰጥቶኝ «የምንለውን ጻፊ» አለኝ። መጻፍ የለመደ እጅ አፍን ይዘጋል። አሁን ተራው የደረሰ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ተማሪዋ ታሪኳን አባዝታ አደለችን። እንዲህ የሚል ቦታ አለው፦ «ልጁ ይመታል። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ዝም ትላለች።» በልባችን አነበብን። ከዚያ ስለ እናትየው ዝምታ ክርክር ተነሳ። ግማሾቻችን በእናትየው ተናደድን፤ ልጇ ሲደበደብ እንዴት ዝም ትላለች? የቀሩት ደግሞ አዘኑላት፤ ያደገ ልጅ ሰው ሲደበድብ ምን ታድርግ? ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ሁለት ታሪክ እየተጨቃጨቅን እንደሆነ ማንም አልነቃም። እኔ «ይመታል»ን አጥብቄ አንብቤዋለሁ፣ ጎረቤቴ አላልቶ። ፊደላችን መጥበቅና መላላት አይጽፍም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ «ገና» ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው፣ ለአንባቢ ምላስ የተተወ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያው ያለው ቃል ይረዳል። እዚህ ግን አልረዳም።

ተማሪዋ ደንቡን አክብራ ዝም ብላ ጻፈች። ተራዋ ሲደርስ «ሆን ብዬ ነው፣ ሰምና ወርቅ ነው» አለች። የአራተኛ ፎቁ ጡረተኛ ሹፌር ከት ብሎ ሳቀ። እሷም አልቻለችም፣ ሳቀች። ሰምና ወርቅ የሚሆነው ሁለቱንም አስቀድማ አይታ ቢሆን ነበር፤ እሷ ያየችው አንዱን ብቻ ነው። ደራሲ ጽሑፉን ሲያነብ ፊደሉን አያነብም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ድምፅ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው ብቻውን መቶ ጊዜ ቢያርመው ያልታየው። በሳምንቱ «ልጁን ይመቱታል» ብላ አስተካክላ መጣች። ታሪኩ ድንገት ከበደ። «እነማን ናቸው የሚመቱት?» የሚል ጥያቄ አብሮ ገባ፤ ቀጣዮቹን አራት ገጾች የወለደው ያ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም የራሱን ጽሑፍ አያነብም። ሌላ ሰው፣ አስቀድሞ ያላየው ሰው ያነብለታል፤ ባለቤቱ ይሰማል። አንባቢው የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ደራሲው ራሱ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ይታያል።

ስለ ፊደል ካነሳሁ አይቀር፣ «ፀሐይ» በየትኛው «ፀ» እና በየትኛው «ሐ» ይጻፋል በሚል አርባ ደቂቃ አጥፍተናል። አሁን ስለ ሞክሼ ፊደላት በቃል መናገር ክልክል ነው፤ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ይጻፍና ይታለፋል። አንድ አባላችን በዚህ ተቀይሞ ሁለት እሑድ ቀረ። ከዚያ መጣ።

ከባዱ ግን ሌላ ነው። የማያውቁት ሰው መሃል ማንበብ አንድ ነገር ነው። የእኛ ሰሚዎች ነገ ጠዋት ደረጃ ላይ የምናገኛቸው ናቸው። የምንጽፍበት ሕይወትም እዚያው ደረጃ ላይ ነው። አንድ እሑድ አንዱ ስለ አንዲት ሴት ጽፎ መጣ። በየማለዳው ደረጃ ላይ ሆና በስልክ እየጮኸች ሕንፃውን ሁሉ የምትቀሰቅስ ሴት። ሳቅን። ከዚያ ፀጥ አልን። ሴቲቱ ራሷ እኛው መሃል ተቀምጣለች። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች፤ ሁለት ሳምንት ከጸሐፊው ጋር ሰላምታ የለም። አስታራቂ ሆኜ ሄድኩ። «ስለ እኔ መጻፉ አይደለም» አለችኝ። «የምጮኸው እናቴ ጆሮዋ ስለማይሰማ ነው። እሱን ሳይጠይቅ ጻፈው።» ይህንኑ ለጸሐፊው አደረስኩ። ጆሮዋ የማይሰማ እናት፣ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ፣ አሁን በታሪኩ ውስጥ አለች። ቀልዱ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ግን አሁን ስስቅ ትንሽ ያመኛል። ከዚያ በኋላ የተስማማነው፣ ስለ ሕንፃው ሰው መጻፍ ይቻላል፣ መጀመሪያ የሚሰማው ግን ባለ ጉዳዩ ነው። ይህን ደብዳቤም ሁሉም አይተውታል። ሹፌሩ «ከት ብሎ ሳቀ» የሚለውን አስወጪልኝ ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩ።

ሌላም አለ። አንድ ወጣት ስለ አባቱ የሚመስል ጽሑፍ አስነበበ። ወዲያው አንዷ «ልጄ፣ አባትህን ይቅር በለው» ብላ ምክር ጀመረች። ልጁ ቀጣዩን ሳምንት አልመጣም። አሁን «አንተ» አንልም፤ «ተራኪው» እንላለን። ጽሑፉ እውነት ሆነ አልሆነ የባለቤቱ ገመና ነው። ልጁን ለመመለስ ተማሪዋ የኦክስፎርዶቹን ወሬ ነገረችው። እነ ሉዊስና ቶልኪን የሚባሉ የእንግሊዝ ደራሲዎች ሐሙስ ሐሙስ ማታ ተሰብስበው ይነባበቡ ነበር። ከወዳጆቻቸው አንዱ የቶልኪን ረጅም ታሪክ ስለሰለቸው መስማት አልፈልግም ብሎ ያስቸግር ነበር አሉ። ያ ታሪክ፣ ዓለም የሚያውቀው «የቀለበቶቹ ጌታ»፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ታትሞ ወጣ። ልጁ «እኔ ቶልኪን አይደለሁም» ብሎ መለሰላት፤ ግን መጣ።

አሁን ወደ እናንተ። ከዚህ ሕንፃ ሦስት ጽሑፍ ልከንላችኋል። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ቦታ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፣ ሰው እንደሚያንሳችሁም እገምታለሁ፤ ቢሮ ውስጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ማተማችሁን አይደለም የምጠይቀው። «የሚጽፍ ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ግን ለምትጥሉት ጽሑፍ አንዲት መስመር ጻፉለት። «ረዝሟል።» ወይም «ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰለቸን።» ይህችው ትበቃናለች። አንዴ የት እንደሰለቸው የተነገረው ሰው፣ እመኑኝ፣ ያንን ቦታ ሰርዞ ተመልሶ ይመጣል። በጋዜጣው ስንት ቃል እንደምትቀበሉም አንድ ጥግ ላይ ብታትሙት ጥሩ ነበር። ይህ ደብዳቤ ከልኩ ካለፈ ስለ ቃለ ጉባኤው ያለውን ቁረጡት። የልጁንና የእናቱን አትንኩብኝ።

ሰባተኛውን አልረሳሁም፤ ሹፌሩ ነው። አምስት ወር ሙሉ ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ሳይለየው ሲሰማን ቆየ። ከሁላችንም የተሻለ ሰሚ እሱ ነው፤ እርሳሱ ያረፈበት ቦታ አይስትም። ባለፈው እሑድ ድንገት «ዛሬ የእኔ ይነበብ» አለ። ወረቀቱን አወጣ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ለተማሪዋ ዘረጋላት። ገልጣ አየችውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ሁሉም ጠፍቷል» አለችው። ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ አየው። እውነቷን ነው። ላቡና ጨርቁ በልተውታል።

«እንግዲያውስ በቃሌ እነግራችኋለሁ» አለና ጀመረ። ሰዓት ያዡ ሰዓቱን መያዝ ረሳ። እኔ እየጻፍኩ ነበር፤ 11 ገጽ ሞልቶ ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ቀሪውን የፊታችን እሑድ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ፎቋ ጸሐፊ