የብስክሌት ቡድን የሚሸጠው ስሙን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኩባንያዎች ለፕሮፌሽናል የብስክሌት ቡድኖች ገንዘብ የሚያፈሱት ለስፖርቱ ካላቸው ፍቅር የተነሣ ብቻ ነው የሚል አስተያየት ደጋግሜ ስለምሰማ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። የእግር ኳስ ክለብ የመግቢያ ትኬት ይሸጣል፤ የብስክሌት ውድድር ግን በአውራ ጎዳና ላይ ስለሚካሄድ ተመልካቹ በነጻ ያየዋል፣ ከቴሌቪዥን የሚገኘውም ገቢ በአብዛኛው የአዘጋጁ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ስሙን ይሸጣል። ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ፊዮሬንዞ ማኚ እ.ኤ.አ. በ1954 የቆዳ ቅባቱን ኒቪያን በስፖንሰርነት ካመጣ ወዲህ፣ ከብስክሌት ጋር ግንኙነት የሌላቸው ድርጅቶችም በብዛት ገብተዋል። አንድ ብስክሌተኛ ከተፎካካሪዎቹ ተነጥሎ ዳገት ሲወጣ፣ በላብ በራሰ ማሊያው ላይ ያለው ጽሑፍ በካሜራ ጎልቶ ይታያል፤ ዘጋቢውም ቡድኑን በጠራ ቁጥር የኩባንያውን ስም ይጠራል። ለዚህ ነው የብስክሌት ቡድን ስፖንሰር የሆነው የቤልጂየሙ የወለል ንጣፍ አምራች ክዊክ ስቴፕ ከአገሩ ውጭም የታወቀው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የጥገኝነቱ ነገር ነው። የኔዘርላንዱ ራቦባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 በአበረታች መድኃኒት ቅሌት ምክንያት ከፕሮፌሽናል ቡድኑ ስፖንሰርነት ሲወጣ፣ ቡድኑ ለጊዜው ያለ ስፖንሰር ስም ቀርቶ ነበር። አዘጋጆች የቴሌቪዥኑን ገቢ ለቡድኖች ቢያካፍሉ፣ የብስክሌተኛውና የመካኒኩ እንጀራ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የብስክሌት ስፖርት ወዳጅ