ለክረምቱ ካምፕ አጋዦች በሙሉ፦ የምስጋና መልእክት

በወጣቶች የተመራው የማኅበራዊ ፍትሕ የክረምት ካምፕ በሰላም ተጠናቋል። ከልብ እናመሰግናለን። ምስጋናችንን በዝርዝር የጻፍነው፣ ነገ ሌላ ካምፕ የሚያዘጋጁ ወጣቶች ከሥራችሁ እንዲማሩ ብለን ነው።

በቅድሚያ በጀቱን ላስረከባችሁን ታላላቆቻችን። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12፣ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽና ለሐሳባቸው ተገቢ ክብደት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ብዙ ጊዜ ግን ወጣቱ የጨዋታ ሰዓት ይመርጣል፣ ገንዘቡ አዋቂዎች ዘንድ ይቀራል። እናንተ እያንዳንዱ ወጪ በአንድ ወጣትና በአንድ አዋቂ ፊርማ እንዲወጣ፣ ደረሰኙም በዕለቱ እንዲመዘገብ ተስማማችሁ። ሥራ ሲዘገይ «ቶሎ ይለቅ» ብሎ ውሳኔውን መንጠቅ ይቀላል፤ አንዴ ከተነጠቀ ወዲያ ግን ወጣቱ የታዛዥነት ቦታውን ይይዛል። ትዕግሥታችሁን አንረሳውም።

የጉዞ ወጪን አስቀድማችሁ ለሸፈናችሁ፦ «ከፍለህ ና፣ ኋላ ይመለስልሃል» የሚል ካምፕ ስለ ፍትሕ እያወራ ድሃውን ከደጅ ያስቀራል። ወላጆችም የልጆቻችሁን አለርጂ፣ የመድኃኒት ሰዓትና ሁለት ስልክ ቁጥር አሟልታችሁ ስለሞላችሁ ተባረኩ። የፎቶ ፈቃዱ በተለየ ቅጽ የተጠየቀው ሆን ተብሎ ነው፤ ከተሳትፎው ጋር ሲደባለቅ ወላጅ ልጁ እንዳይቀርበት ሲል ሳይወድ ይፈርማል።

ስፊር የተባለው የሰብዓዊ ርዳታ መመዘኛ ለአደጋ ጊዜ እንኳ በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይጠይቃል። ውኃ ቀጂዎችና ወጥ ቤቶች፣ ሳሙናው ከመጸዳጃውም ከማብሰያውም በር ሳይጠፋ የሰነበተው በእናንተ ነው። ሌሊት ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ የጠበቃችሁ፣ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በዝግ ክፍል እንዳይሆን ያደረጋችሁ፣ እግዜር ይስጥልን።

የውይይት አመቻቾች ድካም የተለየ ነበር። ከ8 እስከ 10 ሰው ያለውን ቡድን ሁለት አመቻች ያስፈልገዋል፤ አንዱ ውይይቱን ሲመራ ሌላው ዝም ያለውን፣ ዐይኑ እንባ ያቀረረውን ያያል። «መብቱ ያለው አንድ እርምጃ ወደፊት» በሚባለው፣ የሚነበበው ዐረፍተ ነገር የሚመለከተው ሰው ወደፊት በሚራመድበት መልመጃ ልጆች የራሳቸውን ኑሮ እንዲገልጡ ከተደረገ፣ ችግረኛው በጓደኞቹ ፊት ኋላ ቀርቶ ይቆማል፤ ለሌሎች መማሪያ ሆነ ማለት ነው። የተጻፈ ገጸ ባሕርይ በካርድ ማደል ከዚህ ያድናል። ከመልመጃው በኋላ ያለው ውይይት ከመልመጃው መርዘም አለበት፤ ለመኝታ ሰዓትም መተው የለበትም።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የጀመረውን ፎረም ቴአትር ላዘጋጃችሁም እንዲሁ። ተበዳዩ ተሸንፎ ትዕይንቱ ያልቃል፣ እንደገና ሲጀመር ተመልካች «ቁም!» ብሎ በተበዳዩ ቦታ ይገባል። ሰው ሁሉ በዳዩን ተክቶ ደግ ሊያደርገው ይሽቀዳደማል። እንዲያ ሲሆን ችግሩ በተአምር ይጠፋል፣ መታገያውን መንገድ የሚፈልግ ይጠፋል። ይህን በጨዋነት መመለሳችሁ ቴአትሩን አድኖታል።

አንድ ልመና ቀርቶናል። ተሳታፊዎች ያወጡት እያንዳንዱ ዕቅድ አንድ ባለቤት፣ አንድ ቀን፣ በ30 ቀን ውስጥ የሚጀመር አንድ ሥራ አለው። ባለቤት የሌለው ዕቅድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራልና በክትትል ስብሰባው አትለዩን። የገቢና ወጪ ሒሳቡም ከነደረሰኙ ለማንኛውም ለጋሽና ወላጅ ክፍት ነው፤ መጥታችሁ እዩት፣ ጠይቁን።

የካምፑ ወጣት አስተባባሪዎች