«ተረት ተረት» ሲባል ልጆቻችን ይመልሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ቅዳሜ ስለ አፍሪካ አፈ ታሪክና ስለ ቤተሰብ እሴት የተዘጋጀ የደራሲ ውይይት ከሁለት ልጆቼ ጋር በዙም ተከታተልኩ። እዚህ ሜሪላንድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነበር። እናቴ ደሴ ላይ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እራት ከመቅረቡ በፊት በስልኳ ገባች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ሆና ነው የተቀመጠችው።

ደራሲው ብዙ ያነበቡና የለፉ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ንግግራቸውን የጀመሩት «ተረት ተረት» ብለው ነው። መልስ አልተሰማም። አዘጋጆቹ የሁላችንንም ማይክ ዘግተውት ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄ «የላም በረት!» ብላ ጮኸች፤ የሰማናት እኛው ብቻ። ስክሪኑ ላይ በየሳጥኑ ያሉ ልጆች አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የእናቴም አፍ እንደዚያው። ደራሲው ትንሽ ጠበቁና ወደ ጽሑፋቸው ገቡ። ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ይላክ ተባለ። ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ እንዴት አድርጎ ይጽፋል?

ጫጫታ እንዳይበዛ ብለው እንደዘጉት ይገባኛል። ቅር ያሰኘኝ ግን ተረቶቹም በዚያው መንገድ መነገራቸው ነው። እያንዳንዱ ተረት ሲያልቅ «ከዚህ የምንማረው ታላቅን መታዘዝ ነው» ይባላል። ታላቅን ማክበር ያደግኩበት ነው፤ ልጆቼንም በዚያው ነው የማሳድገው። ተረቶቻችን ግን ለታላቅም የሚሉት አላቸው።

ደራሲው ራሳቸው በስም ብቻ ጠቅሰውት ያለፉትን አናንሲን ልውሰድ። አናንሲ የጋና የአካን ሕዝብ ሸረሪት ነው፤ በባርነት ከተጋዙት ጋር ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ ድረስ ተተርቷል። ይህ ሸረሪት የዓለምን ጥበብ ሁሉ በአንድ ማሰሮ አጠራቅሞ፣ ከሰው ሊደብቀው ረጅም ዛፍ ላይ ይወጣል። ማሰሮውን ሆዱ ላይ ስላሰረው እግሩ ግንዱን አልይዝ አለው። ልጁ ንቲኩማ ከሥር ሆኖ ሲያየው ቆየና «አባዬ፣ ለምን በጀርባህ አታስረውም?» አለው። አባት ጥበብ ሁሉ በእጄ ነው ሲል ልጁ በለጠው። ተናዶ ማሰሮውን ጣለው፤ ተሰበረ፤ ዝናብ መጥቶ ጥበቡን በየወንዙ አዳረሰው። ንቲኩማ ዝም በል ተብሎ ቢሆን ኖሮ ጥበቡ ለማንም አይደርስም ነበር።

የኛው የአንበሳ ጢም ተረትም አለ። የእንጀራ ልጇ አልቀርብ ያላት ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ ትሄዳለች። የአንበሳ ጢም ነቅለሽ አምጪ ትባላለች። በየቀኑ ሥጋ እያስቀመጠች፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እየቀረበች፣ አንበሳውን አላምዳ ጢሙን ታመጣለች። አዋቂውም ልጁን እንደ አንበሳው አድርገሽ ቅረቢው ይላታል። እዚህ ተረት ውስጥ ምክሩ ለእናት ነው፤ ልጁን ማንም አልገሠጸውም።

ደግሞስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እያልን አይደል የምንጨርሰው? የሰማ ሰው በተራው ይተርታል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርቱ፣ እኛ እቤታችን ሆነን ሰላምታቸውን እንመልስ ነበር፤ እንደማይሰሙን እያወቅን። ዛሬ መስማት የሚያስችል መሣሪያ በእጃችን እያለ ለምን እንዘጋዋለን?

እንዲህ ያለ መድረክ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ እባካችሁ ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍላችሁ ማይኩን ክፈቱላቸው። ከደራሲው ጎን አንድ የሚተርቱ አያት ይቀመጡ። ልጆቹ አማርኛውን ቢሰብሩትም ይተርቱ፤ እንግሊዝኛ ቢቀላቅሉም ግድ የለም።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንባቢ ቤት የመጣ ተረት፣ የተራኪው አገር ተጠቅሶ፣ ብታወጡልን። የዚያን ቀን ውይይቱ ካለቀ በኋላ እናቴ ስልኩን አልዘጋችም፤ «በሉ እንግዲህ፣ ተረት ተረት» አለች። ልጆቼ እየተሻሙ መለሱላት። የቀበሮና የጅብ ተረት ነበር፤ እራቷ ቀዝቅዞ እስኪቀር ተረተችላቸው። በድምፅ ቀድቼዋለሁ፤ ከፈቀዳችሁ ጽፌ እልክላችኋለሁ።

አንዲት እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ